በሽቦው ላይ ሦስት ምት

በተራራማዋ የብሬንዶ መንደር ሽቦ የሚወርደው በቅዱስ ማርቲን በዓል ነው። ማንም አላወጀውም፤ እንዲሁ ኅዳር ሲገባ፣ የመጨረሻው ማገዶና ድርቆሽ ከላይኛው ሜዳ በሽቦው ተንሸራቶ ከደረሰ በኋላ፣ ባለ ሽቦ ሁሉ ጓሮው ወዳለው መዘውር ይሄዳል። የመዘውሩን ጥርስ የሚያግደውን ብረት በመዶሻ መትቶ ያስለቅቀዋል፤ ሸለቆውን ከዳር እዳር አቋርጦ የተወጠረው የብረት ገመድም እየላላ ሄዶ መሬት ላይ ይተኛል። እስከ ግንቦት የሚነካው የለም። ከካንቶኑ መስተዳድር በየዓመቱ ስለ ሽቦ የሚያሳስብ ወረቀት ይመጣል፤ የብሬንዶ ሰው ወረቀቱን ምድጃ ያቀጣጥልበታል፣ ሽቦውን ግን ያወርዳል። እንዲህ ያለ ሕዝብ ነው፤ አድርግ ሲሉት ይኮሳተራል፣ ትተውት ዞር ሲሉ ያንኑ ነገር አሳምሮ ያደርገዋል።

ኤልቬዚዮም ጺም ካበቀለ ጀምሮ ሲያወርድ ኖሯል። ያላወረደው ባለፈው ኅዳር ብቻ ነው።

ምክንያቱ እህቱ ናት። አርሚዳ ታላቁ ስትሆን ሰማንያን ከደፈነች ሰንብታለች። ባል አላገባችም፤ ለምን ብሎ የጠየቃት ሁሉ “ፍየል አለኝ፣ ምን ጎደለኝ?” የሚል መልስ ተቀብሎ ተመልሷል። በጋውን ኮርቴ በምትባለው፣ ከሸለቆው ማዶ ከፍ ብላ በተቀመጠች የድንጋይ ቤት ከፍየሎቿ ጋር ታሳልፋለች። በረዶው ሲቃረብ ደግሞ መንጋዋን እየነዳች ወንድሟ ቤት ትወርድና ምድጃው ይጨሳል፣ ፖሌንታ የሚባለው የበቆሎ ገንፎ ጨው አንሶታል፣ በሩ አይገጥምም እያለች እስከ ግንቦት ስታማርር ትከርማለች። ኤልቬዚዮ ምሬቷን ከመልመዱ የተነሳ ከሌለ ክረምቱ የገባ አይመስለውም ነበር።

ባለፈው መኸር ሊያወርዳት ሲወጣ በሩ ላይ ተቀምጣ ካስታኛ የሚባለውን የዛፍ ፍሬ ስትልጥ አገኛት። ዕቃዋ አልተሸከፈም።

“አልወርድም” አለችው።

እንደ ልማዷ ልታስለምነው መስሎት አጠገቧ ተቀመጠና ካስታኛውን አብሯት መላጥ ጀመረ።

“ከወረድኩ ተመልሼ አልወጣም፣ ኤልቬዚዮ። ጉልበቴ ይህን ዳገት የሚወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ቀርቶት ነበር፤ እሱን በግንቦት ተጠቀምኩበት።”

እሱም በረዶውን አነሳባት፣ ብትወድቅ ማን እንደሚያነሳት ጠየቃት፣ በመጨረሻም ቄሱን ይዤብሽ እመጣለሁ ብሎ አስፈራራት። እሷ ቄሱ ዳገቱን ከወጣ ለመቀበር የሚቀድመው እሱ ነው አለችና ሳቀች። ከሳቀች በኋላ ግን ያለ ቀልድ አንድ ነገር ለመነችው። ሽቦውን ዘንድሮ አታውርደው፤ ዳቦና ጨው በእሱ ላክልኝ፤ እኔም ማታ ማታ አለሁ እልሃለሁ አለችው። ስልክ ኮርቴ ላይ አይሠራም። ኤልቬዚዮ ብዙ አሰበና እሺ አለ፤ አርሚዳ በለመነችው ቁጥር እምቢ ማለት የቻለበት ቀን ስለሌለ ብዙ ማሰቡ ለይምሰል ነበር።

ሽቦ ላይ ማንኳኳት የቆየ ነገር ነው። ጭነት የሚልክ ሰው አስቀድሞ ሽቦውን በመዶሻ ሦስት ጊዜ ይመታል፤ በሌላው ጫፍ ያለው ሰምቻለሁ ሲል ሁለት ጊዜ ይመልሳል። ድምፁ ሸለቆውን ተሻግሮ ሲደርስ ቀጭን ነው፣ ግን አይጠፋም። ሁለቱ ወንድምና እህት ይህን ለሰላምታ አዋሉት። ማታ ፀሐይ የኮርቴን ጣሪያ ስትለቅ አርሚዳ ሦስት ትመታለች፤ ደህና ነኝ ማለቷ ነው። ኤልቬዚዮ ጓሮው ቆሞ ሁለት ይመልሳል። መስማት ከመቻሉ በፊት ሽቦው ስለሚንቀጠቀጥ መዳፉን አስደግፎበት መጠበቅ ለመደ። ሚስቱ ኒቬስ ካረፈች ወዲህ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ሳያወራ የሚመሽበት ቀን ብዙ ነበርና ያቺን ሰዓት ከጠዋት ጀምሮ ይጠብቃታል። የገና ሰሞን ሲያልፍ ሽቦው ለእሱ ሽቦ መሆኑ ቀርቶ ነበር። እህቱ ነበረች።

ይህን ካላወቁት ሰዎች አንዱ ሎሪስ ነበር።

ሎሪስ የኦሊምፒያ ልጅ ነው። ኦሊምፒያ ባሏን በወጣትነቷ አጥታ የመንደሩን ሱቅ ስታስተዳድር ትምህርት በተዘጋ ቁጥር ልጇን ኮርቴ ትሰደው ነበር። አርሚዳም ፍየል ማለብ አስተማረችው፣ ሲያጠፋ በጭልፋ እየመታች፣ ሲያለቅስ ያንኑ ጭልፋ ወተት ሞልታ እየሰጠች አሳደገችው። አድጎ ሄሊኮፕተር አብራሪ ሆነ። በዚያ አካባቢ የሚበሩ ሁሉ ሽቦን የሚያህል የሚፈሩት ነገር የለም፤ ከአየር ላይ ሲያዩት አይታይም። ሎሪስ ግን የሸለቆውን ሽቦ ሁሉ በባለቤቱ ስም ያውቀው ነበር፣ መቼ እንደሚወጣና መቼ እንደሚወርድም። ከሜዳው አገር የመጡት ባልደረቦቹ እሱን ሳይጠይቁ ወደ ብሬንዶ አይገቡም።

በጋ ላይ ኮርቴን ሲያልፍ ሆን ብሎ ዝቅ ይላል። ፍየሎቹ ይበተናሉ፣ አርሚዳ ጭልፋዋን ወደ ሰማይ እየነቀነቀች ትራገማለች፣ በሳምንቱ ደግሞ አንድ ድቡልቡል አይብ ለእናቱ ትልክና “ይህ ለዚያ ባለጌ ነው” ታሰኛለች። ባለፈው ክረምት ግን ሎሪስ ምሥራቅ ባሉት ተራሮች ተመድቦ በረዶ ላይ በስኪ ሲንሸራተቱ የተሰበሩ ሰዎችን ሲያመላልስ ከረመ። የተመለሰው በመጋቢት መጀመሪያ ነው። ለእናቱ ስልክ ደውሎ እሑድ ፖሌንታ እንድታገነፋለት ነገራት። አርሚዳ ኮርቴ መክረሟን ኦሊምፒያ አልነገረችውም፤ ሲመጣ ስቆ እንዲሰማው ብላ ለእሑድ አቆየችለት።

እሑድ ሳይደርስ ሐሙስ ዕለት እሳት ተነሳ።

በዚያ ክረምት በረዶ የሚባል አልጣለም፤ የሰሜኑ ነፋስ ለቀናት ነፍሶ ጫካውን አድርቆታል። ከመንገዱ መታጠፊያ በላይ ጭስ ታየ፤ አንዱ ሲጋራ ነው አለ፣ ሌላው ሌላ ነገር አለ። ምሳ ሰዓት ላይ እሳቱ የደረቀውን ቅጠል እየላሰ፣ የበርች ዛፎቹን አልፎ የካስታኛውን ደን ይዞት ነበር። የመንደሩ እሳት አጥፊዎች ኳስ ሜዳው ላይ ጠረጴዛ ዘረጉ። አለቃቸው ፕሊኒዮ ነው፤ በሌላው ቀን የቧንቧ ሠራተኛ፣ በዚያ ቀን ደግሞ ሬዲዮ ጨብጦ የሚያዝዝ አዛዥ። ሄሊኮፕተሮቹ ከታችኛው ግድብ በትልቅ ባልዲ ውሃ እየቀዱ ጫካው ላይ ይደፉ ነበር። አንደኛውን የያዘው ሎሪስ ነው።

ኤልቬዚዮ እየሮጠ ኳስ ሜዳው ደረሰ። በዚያ ዕድሜ ሩጫ ከተባለ ነው።

“አርሚዳ ላይ ናት” አለ።

ፕሊኒዮ አልገባውም። “የት ላይ?”

“ኮርቴ። ሳትወርድ ነው የከረመችው።”

ፕሊኒዮ ወደ ተራራው አየ። እሳቱ ከኮርቴ በታች በሁለት ክንድ ተከፍሎ እየወጣ ነበር። ሬዲዮውን አንስቶ ሎሪስን ጠራውና ነገረው።

“ማን? አክስቴ አርሚዳ?” አለ የሎሪስ ድምፅ። “በመጋቢት? ያቺ ሴትዮ ከፍየሎቿ ትብሳለች እኮ። እሺ፣ አሁን ቀድቼ መጣሁ። ውሃውን ጣሪያዋ ላይ ነው የምደፋላት፤ በዚያው ገላዋን ትታጠብ በሉልኝ።”

ጠረጴዛው ዙሪያ የቆመው ሁሉ ሳቀ። ኤልቬዚዮም ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ራሱን ይቅር ያላለበት ነገር ብዙ ቢሆንም እንደዚያ ሳቅ የሚበላው የለም። ፕሊኒዮ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ቤትዎ ሄደው ይረፉ፣ ልጁ ይዟታል አለው። ስለ ሽቦ ማንም አልጠየቀም፤ ወሩ መጋቢት ነበርና። እሱም አላነሳም። ሊደብቅ አይደለም። እህቴ ላይ ናት ሲል ሁሉን የተናገረ መሰለው።

ቀለል ብሎት ወደ ቤቱ ወጣ። ጓሮው ሲደርስ ሽቦው እየተንቀጠቀጠ ነበር። ሦስት ምት። ሰዓቷ አልነበረም፤ ከጭሱ ውስጥ ሆና አትስጉ፣ አለሁ ማለቷ ነበር። ሁለት ሊመልስላት መዶሻውን አነሳና እንደ ልማዱ ዐይኑ ሽቦውን ተከትሎ ወደ ላይ ሄደ። ሽቦው ከጣሪያው በላይ አለፈ፣ ከገደሉ አፋፍ ተነስቶ ባዶው አየር ላይ ወጣ፣ መሀል ሸለቆው ላይ ጭሱ ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

ክው አለ። ሽቦው ተመልሶ ሽቦ የሆነው ያኔ ነው።

የሄሊኮፕተሩ ድምፅ ከግድቡ በኩል እየቀረበ ነበር። ሲያመላልስ የዋለበትን የጋራውን ጫፍ ጭሱ ዘግቶታል፤ ሎሪስ ለአርሚዳ ቸኩሎ በአቋራጭ፣ በሸለቆው ውስጥ ሽቅብ እየወጣ ነው። ስልኩ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው። ኳስ ሜዳው ሩቅ ነው። ኤልቬዚዮ መዘውሩ ላይ ወደቀበትና ማገቻውን በመዶሻ ይቀጠቅጠው ጀመር። ከግንቦት ወዲህ ያልተነካ ብረት ነው፤ ዝገቱ ከጥርሱ ጋር አጣብቆታል። መታው፣ መታው፣ የሎሪስን ስም እየጠራ መታው። ምቱ ሁሉ በሽቦው ተሸክሞ ወደ ላይ ይሄዳል።

ከላይ መልስ መጣ። ሦስት፤ ረጋ ያለ፣ ጥርት ያለ። ደህና ነኝ።

“ተይ!” ብሎ ጮኸ። ማን ይሰማዋል? እንደገና ቀጠቀጠ፤ እንደገና ሦስት መለሰችለት። ማገቻው ንቅንቅ ያለ መሰለው። በዚያው ቅጽበት ሽቦው አጓራ። መዘውሩ ከነመሠረቱ ተነቅሎ አጥሩን ጥሶ ሄደ፣ ኤልቬዚዮም በጀርባው ወደቀ። ቀና ሲል የሞተሩ ድምፅ የለም። ነፋሱ ብቻ ይነፍሳል፤ ከታች ከኳስ ሜዳው አንድ ሰው በሬዲዮ ሎሪስ፣ ሎሪስ እያለ ይጣራል።

አመሻሽ ላይ ነፋሱ ዞረ፣ ቅዳሜ ዝናብ ዘነበ። ኮርቴ አልተቃጠለችም። ዙሪያዋን ያለውን ሣር ፍየሎቹ ክረምቱን ሙሉ ግጠው መሬቱን ራቁቱን ስላስቀሩት እሳቱ የሚይዘው አጥቶ በግራና በቀኝ አልፏት ሄዷል። ጣሪያዋም ድንጋይ ነው። ውሃው ባይመጣላት ምንም አትሆንም ነበር። ይህን ለኤልቬዚዮ የነገረው አልነበረም፤ ወደ ላይ አሻቅቦ ያየ ሁሉ ያየው ነገር ነው።

አርሚዳን እሳት አጥፊዎቹ በእግር አወረዷት። አንድ ግልገል በሽርጧ አቅፋ፣ የቀሩት ፍየሎች ተከትለዋት መጣች። ቀኝ መዳፏ በጨርቅ ተጠምጥሟል። ምን ሆነሽ ሲሏት ቃጠሎ ነው አለች፤ ሐኪሙም ቅባት ቀብቶ አሰረላት። ስለ ሎሪስ የነገሯት ፕሊኒዮና ቄሱ ናቸው። ነፋሱ ነው የጣለው አሏት። አንገቷን ደፍታ ሰማች፤ አላለቀሰችም፣ አልጠየቀችም።

ነፋስ ነው እንዲባል ያሰበችው ኦሊምፒያ ነች። ኤልቬዚዮ በዚያው በሐሙስ ቀን፣ ልብሱ እንኳ ጭቃ እንደሆነ፣ ሱቋ ሄዶ ነበር። ፕሊኒዮ አብሮት ነው። ኤልቬዚዮ ሽቦውን ስለምን እንዳላወረደ፣ ኳስ ሜዳው ላይ ስለምን እንዳልተናገረ፣ አንድም ሳያስቀር ነገራት። ፕሊኒዮ መሀል ገብቶ፣ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ አለቃው እኔ ነኝ አለ። ኦሊምፒያ ሁለቱንም የሰማቻቸው አትመስልም።

“አርሚዳ ሽቦው መሆኑን ታውቃለች?”

“አታውቅም” አለ ኤልቬዚዮ።

“እንግዲያው አትወቅ። ልጄን ግማሹን ያሳደገችው እሷ ናት። አንዳችን መሞታችን ይበቃል።”

ከዚያ በኋላ መንደሩ በሙሉ አፉን ዘጋ። ምርመራ የሚያደርጉት ሰዎች ከከተማ መጥተው የሽቦውን ጫፍ ሲለኩ እንኳ ፕሊኒዮ አስቀድሞ አርሚዳን ወደ ቄሱ ቤት ወሰዳት። ለኤልቬዚዮ ሁሉም ደግ ሆኑለት። መሸታ ቤት ሲገባ ወንበር ይለቁለታል፤ ካርታ ሲጫወት እያወቁ ይሸነፉለታል። በቀብሩ ቀን ኦሊምፒያ ክንዱን ይዛ ነበር የሄደችው። አንዱ ተነስቶ በሕዝብ ፊት ቢሰድበው፣ ፊቱ ላይ ቢተፋበት ደስ ባለው፤ ከዚያ ሁሉ ሰው ግን አንድ እንኳ ክፉ አልተገኘም።

አርሚዳ ወንድሟ ቤት ተቀመጠች። ስለ ምድጃው አንድም ቀን አልተናገረችም። ፖሌንታው ጨው አንሶት ያቀረበበት ቀን ነበር፤ ዝም ብላ በላችው። የምትናገረው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም በየቀኑ።

“ሽቦውን መቼ ነው የምትወጥርልኝ?”

መጀመሪያ መዘውሩ ተሰብሯል አላት። ቀጥሎ ብረት ሠሪው ታሟል አለ። ቀጥሎ መሬቱ ይድረቅ አለ። እሷም አንድ ጊዜ በሰላ ምላሷ፣ ድሮ ስትዋሽ እንኳ ትንሽ ትደክምበት ነበር አለችው። ፕሊኒዮን ምክር ቢጠይቀው፣ ግንቦት ሲደርስ ዳገቱን ራሷ ትፈራዋለች፣ እስከዚያ አታላት አለ። ኤልቬዚዮ ማታለሉ አልነበረም የከበደው። ሽቦ ባለች ቁጥር ያን ረጋ ያለ ምት ይሰማል። ደህና ነኝ። ደህና ነኝ። እኔን ለማረጋጋት ነበር የምትደክመው እያለ ሌት ተቀን ይብሰለሰላል።

ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን ወደ ማታ ከጎረቤት ጋጥ ፍየሎቹን አይቶ ሲመለስ አርሚዳ ቤት ውስጥ የለችም። ጓሮ አገኛት። መዘውሩ ተነቅሎ የሄደበት ጉድጓድ አጠገብ ቆማለች። ጨርቁ የተፈታለትን ቀኝ እጇን ደረቷ ድረስ አንስታ፣ ሽቦው ድሮ በሚያልፍበት ቁመት ላይ ባዶ አየር ይዛለች። ማዶ የኮርቴ ጣሪያ ላይ የቀረችው ፀሐይ አንድ ስንዝር አትሞላም።

“መቼ ነው የምትወጥረው?” አለች፣ ሳትዞር።

ኤልቬዚዮ ለዛሬ ያዘጋጀው ሰበብ ነበረው። አልወጣ አለው።

“አልወጥረውም።”

“ለምን?”

አጥሩ ሥር ያለችው የእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ለኦሊምፒያ የገባላት ቃል ፊቱ ድቅን አለ፤ ድምፁ ግን ቀድሞት ወጣ።

“ሎሪስን ነፋስ አልጣለውም። ሽቦው ነው። እኔ ነኝ ያላወረድኩት፣ እኔ ነኝ ላይ ናት ብዬ ልጁን የላክሁት፣ ስለ ሽቦው ሳልናገር። ያን ቀን ስቀጠቅጥ የሰማሽው ደህና ነሽ ወይ እያልኩሽ አልነበረም፣ አርሚዳ። ላወርደው ስታገል ነበር።”

“አውቃለሁ” አለች።

ኤልቬዚዮ ቀና ብሎ አያት። እሷ አሁንም ፊቷ ወደ ኮርቴ ነው።

“መጀመሪያ አልገባኝም። ይህ ሰውዬ ደነቆረ እንዴ፣ ደህና ነኝ እያልኩት አሁንም ያንኳኳል ብዬ ተናድጄ ነበር። ደግሜ መለስኩልህ። ያም አልበቃህ ሲል ምትህን ልለይ ብዬ እጄን ሽቦው ላይ አኖርኩ። ያኔ ሄሊኮፕተሩን ሰማሁ። የእሱን አመጣጥ ለይቼ አውቃለሁ፤ ሽቅብ ሲወጣ ይቸኩላል፣ ከልጅነቱም እንደዚያው ነው። አንተ ምን እያደረግህ እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ወዲያው ሽቦው ከእጄ ሄደ።”

መዳፏን ዘረጋችለት። ከአውራ ጣቷ ሥር ተነስቶ እስከ ትንሿ ጣቷ ድረስ የሚያቋርጥ፣ ገና ቀይ የሆነ ቀጭን ጠባሳ አለ። እሳት እንደዚያ ቀጥ ባለ መስመር አያቃጥልም። ሐኪሙም ቄሱም እሱም በየቀኑ ሲያዩት ሰንብተው ማንም ልብ አላለውም።

“ታዲያ ለምን በየቀኑ ወጥርልኝ ትይኛለሽ?” አለ ኤልቬዚዮ።

“አልወጥርም እንድትለኝ። ለምን እንደሆነም እንድትነግረኝ።” መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። “ሽቦውን ተወው ብዬ የለመንኩህ እኔ። ልጁ የመጣው ለእኔ። ይህን ይዤ ማን ጋ ልሂድ? ሁሉም እንዳልሰማ ሲጠነቀቁልኝ አያለሁ። አንተም ትጠነቀቅልኛለህ። ብቻዬን ከበደኝ፣ ኤልቬዚዮ።”

ኤልቬዚዮ እንዳይነገርሽ ያለችው ኦሊምፒያ ናት አላት። አንዳችን መሞታችን ይበቃል ማለቷንም ነገራት። አርሚዳ ያኔ አለቀሰች፣ ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሽርጧን ፊቷ ላይ ይዛ እንደ ሕፃን ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ አለቀሰች። እሱ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

“እንግዲያው አላውቅም” አለች በመጨረሻ፣ ፊቷን እየጠረገች። “ሰማህ? ለኦሊምፒያ ምንም አላውቅም። ልጇን አጥታ ሳለ ይህን ያህል የሰጠችኝን ሴት፣ አውቄዋለሁ ብዬ አልመልስባትም። ነፋስ ነው የጣለው። እስክሞት ድረስ ነፋስ ነው።”

ከእንግዲህ ኦሊምፒያ ዳቦ ይዛ በመጣች ቁጥር አርሚዳ ስለ ነፋሱ ልታወራ፣ ኦሊምፒያም ልትነቀንቅላት ነው። ሁለቱ ሴቶች አንዱን ልጅ ያሳደጉት ተካፍለው ነበር፤ ሞቱን ግን እየተደባበቁ ሊሸከሙት ነው። እንደዚያ ላለ ነገር የሚሆን ቃል የእነሱ ቤት ውስጥ ተነግሮ አያውቅም፤ አባታቸውም አልነበረውም።

ማዶ ፀሐይዋ የኮርቴን ጣሪያ ለቀቀች። ሰዓቱ ነበር። የአርሚዳ ቀኝ እጅ ከጉልበቷ ላይ ትንሽ ተነሳና መልሶ ተኛ። ደህና ነኝ ብላ የምትመታው የላትም።

ኤልቬዚዮ ጎንበስ አለና በጣቱ አንጓ የአግዳሚውን እንጨት ሁለት ጊዜ መታ። ሰምቻለሁ።

አርሚዳ እጇን አምጥታ እጁ ላይ ጣል አደረገች። እንደዚያው ሆነው ትንሽ ከቆዩ በኋላ ፍየሎቹ ስላልታለቡ ተነሱ።